ከብስክሌት ላይ አልፈታ ያለውን ዕቃ ስለ ማውጣት

ለልጁ ብስክሌት የሚገዛ አባት፥ አጠጋገኑንም ሊያስተምረው ይገባል። ከጥገናውም ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው በዝገት የተጣበቀውን ዕቃ ማላቀቅ ነው። ዛሬ በየቤቱ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና መቍረጫ እየተገኘ ስለ ሄደ፥ ወጣቶች ገና ከጅምሩ እርሱን ለማንሣት ይቸኵላሉ። እኛ ግን ይህ መሣሪያ ከሁሉ በኋላ ሊነሣ ይገባዋል እንላለን፤ የቸኰለ አፍሶ ይለቅማልና።

አስቀድሞ ዕቃው የተያዘበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። ከአሉሚኒየም የተሠራ የኮርቻ ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ሳለ ውሃና ጨው ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም አብጦ ሁለቱን አጥብቆ ያያይዛቸዋል። ፔዳል ግን ብዙ ጊዜ አልፈታ የሚለው ወደማይገባው ወገን ስለሚያዞሩት ነው፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ከቀኙ ተቃራኒ ሆኖ ተሠርቷልና። የቍልፉን እጀታ ወደ ላይ አቁመው ወደ ብስክሌቱ ኋላ ቢገፉት፥ የቀኙም የግራውም ይፈታል።

ይህም ተደርጎ እምቢ ቢል፥ ወደ ጥርሱ ዘልቆ የሚገባ ቀጭን ዘይት አፍስሶ ማሳደርና በማግሥቱ እጀታው በረዘመ ቍልፍ መሞከር ነው። ሙቀትም ይረዳል። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፥ ፔዳሉን የያዘው የአሉሚኒየም ክንድ ሙቅ ውሃ ሲፈስበት የብረቱን ፔዳል ይለቀዋል። በብረት ቱቦ ውስጥ የተያዘው የአሉሚኒየም ዘንግ ግን በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ይላላል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ሲሆን ግራይንደር ይነሣ። የትንሹ ግራይንደር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ስለሚሽከረከር፥ ቢሰበር ስባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ መከለያው አይነቀል፤ ዕቃው በሞርሳ ይታሰር፤ ብልጭታው እሳት እንዳያስነሣ ዘይቱ አስቀድሞ በጨርቅ ይጠረግ። የሚሠራውም አጠገቡ የቆመውም የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ትንንሽ ልጆችም ከዚያ ይራቁ። የሚቈረጠውም በርካሽ የሚተካው ብሎን ወይም ዘንግ ይሁን እንጂ የብስክሌቱ አካል አይሁን።

አዲሱ ዕቃ ሲገባ ግራሶ ቢቀባ፥ ይህ ድካም በሌላ ጊዜ አይመለስም። አባቶች ሆይ፥ የተቈረጠ ብሎን በጥቂት ብር ይተካል፤ የልጅ ዓይን ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ መሣሪያውን ለልጅ ከመስጠት በፊት ትዕግሥቱን ማስተማር ይቅደም።