ለማኅበር የጥገና ቤት የሚሆን ተንቀሳቃሽ የአየር ኮምፕረሰር አመራረጥ

መግቢያ

ትራክተር፣ የመውቂያ መሣሪያና የውኃ ፓምፕ ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አነስተኛ የጥገና ቤት ሲያቋቁሙ ቀድመው ከሚያስቧቸው ዕቃዎች አንዱ የአየር ኮምፕረሰር ነው። በመከር ወቅት የተጎታች ጎማ ሲተነፍስ ወይም የሞተር አየር ማጣሪያ በገለባ ብናኝ ሲታፈን፣ እህሉ አውድማ ላይ ዝናብ እንዳያገኘው ሥራውን ቶሎ ለማስቀጠል ይረዳል። ይሁን እንጂ ምርጫው በታንኩ ትልቅነትና በሞተሩ የፈረስ ጉልበት ብቻ ከተደረገ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መሣሪያው ለታሰበው ሥራ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞች ማኅበራትን ሲያማክሩ ሊያስተውሏቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1. በቅድሚያ ሥራውን መዘርዘር

ኮምፕረሰሩ የሚሠራቸው ሥራዎች በሁለት ይከፈላሉ።

ሀ/ ጥቂት አየር የሚፈልጉ፦ ጎማ መንፋት፣ የአየር ማጣሪያና የፓምፕ ክፍሎችን በአየር ማጽዳት።

ለ/ ሳያቋርጥ ብዙ አየር የሚፈልጉ፦ ቀለም መርጨትና በአየር በሚሠራ ግራይንደር መሞረድ።

ማኅበሩ በ«ሀ» ሥር ያሉትን ብቻ የሚሠራ ከሆነ አነስተኛ ኮምፕረሰር ይበቃዋል። በ«ለ» ሥር ያለ ሥራ ካለበት ግን ከሁሉ የበለጠ አየር የሚፈልገውን መሣሪያ ፍጆታ ከመመሪያው አይቶ፣ በዚያ ላይ ሩብ ያህል ጨምሮ መምረጥ ይገባል።

2. ዋናው መለኪያ በደቂቃ የሚሰጠው አየር ነው

ታንክ አየር ያጠራቅማል እንጂ አየር አያመነጭም። ትልቅ ታንክ ከደካማ ፓምፕ ጋር ቢገጠም፣ የተጠራቀመው ካለቀ በኋላ ሠራተኛው ቆሞ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከታንኩ ሊትር ይልቅ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ የሚስበው አየር ሊሆን ይችላል። ወደ ታንኩ የሚገባው ግን ከዚያ በግልጽ ያነሰ ነው፤ በአነስተኛ መሣሪያዎች ላይ እስከ ሲሶ የሚደርስ ልዩነት የተለመደ ነው።

3. የቦታው ከፍታ

በደጋ አካባቢዎቻችን አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚያስገባው አየርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ቆላ ላይ በቂ የነበረ ኮምፕረሰር ደጋ ላይ ላይበቃ ይችላል።

4. ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፈተና

ለዚህ ፈተና ሰዓትና የኮምፕረሰሩ የግፊት መለኪያ ይበቃሉ። የታንኩ መውጫ ተዘግቶ ኮምፕረሰሩ ይነሣል። መለኪያው 4 ባር ላይ ሲደርስ ሰዓት ይያዛል፤ 7 ባር ሲሆን ይቆማል። ከዚያም የታንኩ ሊትር በጨመረው ባር ተባዝቶ ለፈጀው ደቂቃ ይካፈላል። ለምሳሌ ባለ 50 ሊትር ታንክ 3 ባር ለመጨመር አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ፣ 50 ሲባዛ በ3፣ ሲካፈል ለ1.5፣ በደቂቃ 100 ሊትር ይሆናል። አየሩ ስለሚሞቅ ውጤቱ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ማስታወስ ያሻል። ፈተናው መሣሪያው በሚሠራበት ቦታ ቢደረግ የከፍታውን ጉዳይም አብሮ ያሳያል።

5. ኃይልና አሠራር

ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር 1.5 ኪሎ ዋት ያህል ሲሆን ሲነሣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሞተሩን ስለሚያቃጥል፣ ገመዱን ከማስረዘም የአየር ቱቦውን ማስረዘም ይሻላል። መስመር ባልደረሰበት ቦታ በቤንዚን የሚሠራው ይመረጣል። ዘይት የሌለው ፓምፕ ቀላል ቢሆንም ድምፁ ከፍተኛ ነው፤ ለዘወትር ሥራ ዘይት ያለውና በቺንጋ የሚዞረው የተሻለ ዕድሜ አለው። ይህ ግን ዘይቱ በየጊዜው ከታየና ከተለወጠ ነው።

6. ጥንቃቄ

በታንኩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። የዛገ ታንክ ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ስለሆነም፦

ሀ/ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ግፊቱን ቀንሶ ውኃውን በታችኛው ማፍሰሻ ማውጣት፤

ለ/ የደኅንነት ቫልቭ የሌለውን ወይም ታንኩ በብየዳ የተጠገነውን አለመግዛት፤ ቫልቩንም አለመዝጋት፤

ሐ/ የአየር ማጣሪያ ሲጸዳ ግፊቱን ወደ 2 ባር ዝቅ አድርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት፤

መ/ አየሩን ወደ ሰው ገላ ወይም በልብስ ላይ ወዳለ አቧራ ፈጽሞ አለማነጣጠር፤ ሲሠሩም የዓይን መከላከያ ማድረግ።

ማጠቃለያ

ማኅበሩ ሥራውን ዘርዝሮ፣ በደቂቃ የሚያስፈልገውን አየር አውቆና መሣሪያውን በሰዓት ፈትኖ ቢገዛ የአባላቱ ገንዘብ በከንቱ አይባክንም። የልማት ሠራተኞችም ፈተናውን ከግዥ ኮሚቴው አባላት ጋር ሆነው እንዲያካሂዱና ውጤቱን በማኅበሩ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን። በየዓመቱ ከመከር በፊት ፈተናው ሲደገም ቁጥሩ ቀንሶ ከተገኘ፣ ፓምፑ ጥገና እንደሚያስፈልገው ሥራው ሳይጀመር ይታወቃል።