«አይሰማኝም» ማለት ያልቻለ ልጅ

ታናሽ ወንድማችሁን ከኋላው ሆናችሁ ትጠሩታላችሁ። ዞር አይልም። ትደግማላችሁ፤ ወይ ፍንክች! ልጁ ዳውን ሲንድረም ካለበት ደግሞ የቤት ሰውም ጎረቤትም መልሱ አንድ ነው፦ «እሱ እኮ ቶሎ አይገባውም።» አንዳንዱም «እልኸኛ ነው» ብሎ ይቆጣዋል።

ቆይ ግን፣ ባይሰማስ?

አብዛኛው ሰው በሴሎቹ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ 21ኛው ላይ አንድ ትርፍ ስላላቸው 47 ይሆናሉ። ይህ ትርፍ የሚነካው የአእምሮ እድገትን ብቻ አይደለም። የብዙዎቹ የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ኩክ ቶሎ ይዘጋዋል። ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ የሚያገናኘው ቱቦም በደንብ ስለማይሠራ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

ፈሳሹ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ከውጭም አይታይም። ልጁ ግን ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ሰው ድምፅ ይታፈንበታል። አንድ ሰሞን ይሻለዋል፣ ሌላ ጊዜ ይብስበታል። «ሲፈልግ ይሰማል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ቃል አጥርቶ ያልሰማ ልጅ ደግሞ አፍ መፍታት ይከብደዋል። ንግግሩ ሲዘገይ ሁሉም ነገር በዳውን ሲንድረም ይመካኛል፤ ጆሮው ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው እንዲህ ነው፦ እንደተወለዱ ምርመራ፣ ከዚያ ሁለቱም ጆሮ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ በየ6 ወሩ፣ ቀጥሎ በየዓመቱ። ፈሳሽ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ አያምም፤ የሚፈጀውም ጥቂት ሰከንድ ነው። ልጁ ተኝቶ የሚደረግ የመስማት ምርመራም አለ። እንደ ችግሩ ኩኩ ይወጣል፣ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ይገባል፣ ወይም የመስሚያ መሣሪያ ይታዘዛል። የጆሮው ቀዳዳ ለመሣሪያ የማይመች ከሆነ፣ ጭንቅላት ላይ ታስሮ ድምፅን በአጥንት በኩል የሚያስተላልፍ አለ።

እናንተስ? ጆሮውን በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩ፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስታወሩት ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፤ ፊት ለፊቱ ሁናችሁ በእጃችሁም አሳዩት። የእጅ ምልክት ንግግርን አያዘገይም፤ እንዲያውም ያግዛል። ስትጠሩት የማይሰማበትን ጊዜ በስልካችሁ ቀርፃችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዞር ካላለ ከመቆጣታችሁ በፊት ከፊቱ ቆማችሁ ጥሩት። ፈገግ ካለላችሁ፣ ልጁ እልኸኛ አልነበረም ማለት ነው። ጆሮው ይታይለት።