በቀልድ መሀል ሂሳብ የሠራው ካርቱን

«ካርቱን የልጆች ነው» የምትሉ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ትንሽ እንከራከራለን። «ፊውቹራማ» የሚባል የአሜሪካ ኮሜዲ ካርቱን አለ። ለአንዱ ክፍል ብሎ ደራሲው አዲስ የሂሳብ ማረጋገጫ ሠርቶ ስክሪን ላይ አስቀምጦታል። የምራችንን ነው።

ለማታውቁት፦ ፍራይ የሚባል ፒዛ አድራሽ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 የመጨረሻ ሌሊት ሰው የሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ይወድቅና ከ1,000 ዓመት በኋላ ይነቃል። ዓለም ተቀይሯል፣ የእሱ ሥራ ግን ያው ዕቃ ማድረስ ነው፤ አሁን በጠፈር መንኮራኩር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። አለቃው ሊላ ባለ አንድ ዓይን ናት። ጓደኛው ቤንደር ደግሞ በአልኮል የሚሠራ ሌባ ሮቦት ነው። (ከታናናሾቻችሁ ጋር አትዩት፣ የአዋቂ ቀልድ ነው።)

የ«ሲምፕሰንስ» ፈጣሪ ማት ግሮኒንግ ነው የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ፎክስ ላይ። አብሮት የመራው ዴቪድ ኤክስ ኮኸን ሃርቫርድ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ኬን ኪለር ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ዶክትሬት አለው። በሂሳብ ዶክተር ሆኖ ቀልድ መጻፍ! የእኛ አገር ቤተሰብ ቢሰማ ምን እንደሚል አስቡት።

ፎክስ ግን ብዙ አልታገሰውም። የእሁድ ሰዓቱን ብዙ ጊዜ የፉትቦል ጨዋታ ይበላበት ነበር፣ በ2003 አበቃ። ያዳነው ድጋሚ ስርጭቱና የዲቪዲ ሽያጩ ነው። መጀመሪያ በፊልም መልክ ተመለሰ፣ በ2010 ደግሞ ኮሜዲ ሴንትራል ላይ በአዳዲስ ክፍሎች መጣ። የኪለር ሂሳብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በዚያ ክፍል ፕሮፌሰሩ የሁለት ሰዎችን አእምሮ የሚያቀያይር ማሽን ይሠራል። ሁሉም ይቀያየራል፣ ነገሩ ይዘበራረቃል። ጣጣው ምን መሰላችሁ? አንዴ እርስ በርስ የተቀያየሩ ሁለት አካላት ድጋሚ መቀያየር አይችሉም። ታዲያ እንዴት ይመለሱ?

በስልክ እናስበው። ቀፎው አካል ነው፣ ሲሙ አእምሮ። አበበና ጫላ ሲም ተቀያይረዋል፤ ሁለቱ ቀፎዎች በቀጥታ ድጋሚ መቀያየር አይፈቀድላቸውም። ሁለት ረዳት እንጥራ፤ አልማዝና ከበደ ቀፏቸውን ይዘው ይምጡ።

መጀመሪያ የአበበ ቀፎ ከአልማዝ ቀፎ ጋር ሲም ይቀያየር፣ የጫላ ከከበደ ጋር። አሁን የጫላ ሲም አልማዝ ጋ ነው፣ የአበበ ሲም ከበደ ጋ። ቀጥሎ አበበ ከከበደ ጋር ሲቀያየር የራሱን ሲም ያገኛል፤ ጫላም ከአልማዝ ጋር ሲቀያየር የራሱን። የቀሩት አልማዝና ከበደ ናቸው፤ አንዳቸው የሌላውን ሲም ይዘዋል። እነሱ ደግሞ እስካሁን እርስ በርስ ስላልተቀያየሩ አንዴ ቀይረው ይገላገላሉ። አምስት ቅይይር፣ አለቀ።

ኪለር ያረጋገጠው ከዚህ ይሰፋል፦ የተቀያየሩት ሁለትም ይሁኑ ሺህ፣ የፈለገ ቢዘበራረቁ፣ ገና ያልተቀያየሩ ሁለት ረዳቶች ከተጨመሩ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ማረጋገጫው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ለትንሽ ሰከንድ ይታያል፣ ከዚያ ቀልዱ ይቀጥላል። አብዛኛው ተመልካች እንደማያነበው ጠፍቶት አይደለም፤ እሱ ግን አቋራጭ አልፈለገም። ክፍሉ በ2011 የአሜሪካ ደራሲያን ማኅበርን ሽልማት ወስዷል።

ተከታታዩ በ2013 ድጋሚ ተቋረጠ፣ በ2023 ደግሞ «ሁሉ» በሚባለው የኦንላይን ቻናል ተመልሷል (አዎ፣ ስሙ «ሁሉ» ነው)።

በሉ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ሦስት ሰው ተዘዋውሮ ሲም ቢቀያየርስ? የአበበ ጫላ ጋ፣ የጫላ ሣራ ጋ፣ የሣራ አበበ ጋ። አሁንም አልማዝና ከበደ ብቻ ይበቃሉ። ወረቀት አውጡና ኮመንት ላይ አሳዩን፤ እኛ ሁለቴ ተሳስተን ነው ያገኘነው።