ጎደሎ ቁናና የጣና ዓሣ

በጎዛምን ጤፍ የሚሰፍር ገበሬ ቁናው የጎደለ እንደ ሆነ፥ እህሉ ሳይጨምር ቁጥሩ ይበዛለታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጎተራው ስሕተቱን ይገልጥበታል። የዓሣም ቈጠራ እንዲሁ ነው።

ሊቃውንት 100 ዓሣ ይዘው ምልክት አድርገው ይለቃሉ። ቈይተው ሌላ 100 ሲያጠምዱ ምልክት ያለበት 10 ቢገኝ፥ ጠቅላላው 1,000 ነው ይላሉ። ከምልክቱ አንድ አምስተኛው ወድቆ እንደ ሆነ ግን የሚታየው 8 ብቻ ስለሚሆን ሒሳቡ 1,250 ይላል። ትርፉ 250 በወረቀት ላይ እንጂ በውሃው ውስጥ የለም። መድኃኒቱ በአንዳንዱ ዓሣ ላይ ሁለት ምልክት ማድረግ ነው፤ አንዱን ጥሎ ከሚገኘው የሚወድቀው መጠን ይታወቃልና። ከዚህም በኋላ 100 የተባለው ምልክት 80 ተብሎ ሲታረም ቁጥሩ ወደ 1,000 ይመለሳል።

ከሰከላ የሚመነጨው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና በሚገባበት ስፍራ፥ በክረምት መውጫ ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ ብቻ አይቶ ሐይቁ ሞልቷል የሚልም ይሳሳታል። ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው የጣና ዓሣ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ጥናት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

እንግዲህ የመረብ ፈቃድ የሚፈርም ሹም ዓሣው ስንት ነው ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ ቁናው ምን ያህል ይጎድላል ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።