ቁልፉ ያለው ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2006 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሌብነት ተፈጸመ። በር አልተሰበረም፣ አጥርም አልተዘለለም። የተሰረቀው ወርቅ ወይም መኪና ሳይሆን ስም ነው፤ «ፒቱፒ ዶት ኮም» የሚባል የድረ ገጽ አድራሻ። ባለቤቶቹ ስሙን ከዓመት በፊት የገዙት በ160 ሺህ ዶላር ነበር። ሌባው የእነሱን ኢሜይል ሰብሮ ገባ፣ ስሙን ወደ ራሱ አዛወረ፣ ከዚያ ኢቤይ ላይ አውጥቶ ሸጠው። የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው ደግሞ ማርክ ማድሰን የተባለ የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ሌባው በ2009 ተይዞ በ2011 የ5 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ይሄን የቆየ ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን «ዶሜይን ገዝቶ መሸጥ ያዋጣል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። ዶሜይን ማለት ያው የድረ ገጽ ስም ነው፤ በዶት ኮም ወይም በዶት ኢቲ የሚያልቀው አድራሻ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚወራው ደግሞ ትልቅ ትልቁ ብቻ ነው። በ2019 «ቮይስ ዶት ኮም» በ30 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እውነት ነው። የማይወራው፣ በየዓመቱ እየተከፈለባቸው ማንም የማይጠይቃቸው ስሞች ጉዳይ ነው። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ እንደማንኛውም ንግድ ለአንዳንዱ ያዋጣል፣ ለብዙው አያዋጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። የገዛችሁት ስም በእርግጥ የእናንተ ነው? ስም እንደ ቤት ካርታ የለውም፣ እንደ መኪና ሊብሬ የለውም። መዝጋቢው ድርጅት የሚያውቃችሁ በኢሜይላችሁ ነው። የይለፍ ቃል ሲረሳ መቀየሪያው የሚላከው ወደ ኢሜይል ነው። ስሙ ሊዛወር ሲል ማሳወቂያው የሚመጣው በኢሜይል ነው። እድሳት ሲደርስም እንደዚያው። በአጭሩ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ስሙን ይዟል።

ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም

የማውቃት አንዲት የሀገር ባህል ልብስ ነጋዴ አለች። ድረ ገጿን የሠራላት ልጅ ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር። ገንዘቡን የከፈለችው እሷ፣ ደንበኛ ያፈራችው እሷ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግን እሱ። ልጁ ውጭ ሀገር ሄደ፣ ያንን ኢሜይል መክፈትም ተወ። የእድሳቱ ማስታወሻ ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀም ቆየና ጊዜው አለፈ፤ ስሙን ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ መገበያያ ቦርሳዋ ላይ ያሳተመችው አድራሻ የሚከፍተው የማታውቀውን ገጽ ነው።

«ወንድሜ፣ ደረሰኙ እኮ እጄ ላይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ደረሰኙ የሚመሰክረው መክፈሏን ነው፤ ስሙን የሚያዘው ኢሜይሉ ነው። ልጁም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገና ሲጀመር «በማን ኢሜይል ይመዝገብ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። ድረ ገጽ የምታሠሩም የምትሠሩም ይህቺን ጥያቄ ከዋጋው በፊት አንሷት።

ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አድራሻ

የመጀመሪያው ምክሬ ቀላል ነው፤ ለዶሜይን ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ። ጨዋታ፣ ቲክቶክ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የነጻ ዋይፋይ ምዝገባ አይግባበት። እኔ ሁለት አሉኝ። አንደኛው መዝጋቢ ድርጅቶች ጋ ያለው ነው፤ ለማንም አልሰጠውም። ሁለተኛው ከገዢና ከሻጭ ጋር የምጻጻፍበት ነው። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? አጭበርባሪ ሊያውቅ የሚችለው ሁለተኛውን ነው። «መዝጋቢ ድርጅትህ ነኝ፣ ቶሎ ይህን ተጫን» የሚል መልእክት በሁለተኛው ሲመጣ ገና ሳልከፍተው ውሸት መሆኑን አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ይህ ኢሜይል በዚያው በምትጠብቁት ስም ላይ የተሠራ አይሁን። ስሙ ጊዜው ሲያልፍበት ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል፤ ያኔ የማስመለሻው መልእክት የሚመጣው ወደማይከፈት ሳጥን ነው። ቁልፍን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ሁለተኛ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ከተቻለ ግን በአጭር የስልክ መልእክት ሳይሆን ኮድ በሚያወጣ መተግበሪያ ይሁን። ሲም ካርድ ይጠፋል። ወደ ዱባይ ወይም ቤይሩት የሚሄድ ሰው የሀገር ቤት ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል። ቁጥሩ ከእጃችሁ ሲወጣ ኮዱም አብሮ ይወጣል። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ደግሞ ስልኩ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ዝምታ እንደ እሺታ ሲቆጠር

የዶት ኮምንና የመሰሎቹን ደንብ የሚያወጣው አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ደንቡ ውስጥ ኢሜይሉን የማያይ ሰው የሚጎዳባቸው ቀነ ገደቦች አሉ። አዲስ ስም ስታስመዘግቡ የኢሜይል ማረጋገጫ ይላክላችኋል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካላረጋገጣችሁ ስሙ ሊታገድ ይችላል። ስም ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዲዛወር ሲጠየቅ ለባለቤቱ ማሳወቂያ ይላካል፤ በ5 ቀን ውስጥ «አይሆንም» ያለ ከሌለ ዝውውሩ ያልፋል። ዝምታችሁ እሺታ ሆነ ማለት ነው!

የእድሳት ማስታወሻም ጊዜው ከማለፉ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ፣ ካለፈም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ስሙ ከተሰረዘ በኋላም ባለቤቱ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው እድሳት በብዙ ይበልጣል። «አውቶማቲክ እድሳት አብርቻለሁ» ብሎ መተኛትም አይሠራም፤ ካርዱ ላይ ዶላር ከሌለ የሚታደስ ነገር የለም።

መፍትሔው እዚያው ኢሜይል ውስጥ ነው። ከመዝጋቢው የሚመጣ መልእክት ሁሉ ወደ አንድ መለያ እንዲገባና በፍጹም ወደ ስፓም እንዳይሄድ ማጣሪያ ሥሩ። ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ማጣሪያውን የምትሠሩት ከስልኩ መተግበሪያ ሳይሆን ከኮምፒውተር ነው፤ አንዴ ከተሠራ ስልካችሁም ላይ ይሠራል። ከዚያ ስልኩ ድምፅ የሚያሰማው ለዚያ መለያ እንዲሆን አድርጉ። የስሙን ማብቂያ ቀን ደግሞ ሁለት ወር አስቀድማችሁ የስልክ ካላንደር ላይ መዝግቡት። ዶት ኢቲ ግን በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደር ስለሆነ ደንቡን እዚያው ጠይቁ፤ የዶት ኮም ቀነ ገደብ ለእሱ አይሠራም።

ስትሸጡ፦ ለሺህ ሳይሆን ለአሥር ሰው ጻፉ

በ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የአብዛኛው ዶሜይን ባለቤት ኢሜይል በይፋ አይታይም። ታዲያ አንዳንዱ ሻጭ የኢሜይል ዝርዝር ገዝቶ ለሺዎች አንድ ዓይነት መልእክት ይበትናል። ውጤቱ ይታወቃል፤ አድራሻው ስፓም ተብሎ ይመደባል፣ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ገዢ የጻፈውም አይደርስም። ጉግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቀን ከ5 ሺህ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሰዎች የስፓም አቤቱታቸው ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ጠይቋል። በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግም የንግድ ኢሜይል የሚልክ ሰው ትክክለኛ አድራሻውን እንዲገልጽና «አትላኩብኝ» ያለውን እንዲተው ያዛል።

ስሙ በእውነት ለሚጠቅማቸው አሥር ድርጅቶች አሥር የተለያየ መልእክት መጻፍ ይሻላል። ርዕሱ ላይ ስሙን ብቻ አድርጉ። ውስጡ አራት መስመር ይበቃል፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ስሙ ለእነሱ ለምን እንደሚሆን፣ ዋጋው፣ የሚገዙበት መንገድ። ፋይል አታያይዙ። መልስ ከሌለ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱና ተዉት። ሰዓትም አለ፤ እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንልክ ኒው ዮርክ ሌሊት ነው። መልእክቱን ጽፋችሁ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት እንዲሄድ ቀጠሮ ብትይዙለት እነሱ ቢሮ ሲገቡ ያገኙታል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። የታወቀ ባንክ ወይም ኩባንያ ስም አስመዝግቦ «ግዙኝ» ብሎ መጻፍ ብልጠት አይደለም። ከ1999 ጀምሮ የንግድ ምልክት ባለቤት በእንዲህ ያለ ስም ላይ ዋይፖን ወደመሰሉ ተቋማት አቤት የሚልበት ደንብ አለ። በዚያ ደንብ መሠረት ስሙን በዋናነት ለምልክቱ ባለቤት ካወጣችሁበት ወጪ በላይ ለመሸጥ ማስመዝገብ የክፉ ልብ ምልክት ነው። ማስረጃው ከየት ይመጣል? ራሳችሁ ከላካችሁት ኢሜይል ነዋ!

ገዢ መሳዮች

በቅርቡ አንድ ወጣት «አጎቴ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። በ10 ዶላር ለገዛው ስም አንድ «ባለሀብት» ብዙ ሺህ ዶላር እከፍላለሁ ብሎታል። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ልጁ መጀመሪያ ከአንድ የተወሰነ ገማች ድርጅት የዋጋ ምስክር ወረቀት ያምጣ። ወረቀቱ መቶ ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ይህ ያረጀ ማጭበርበሪያ ነው። ገማቹና ገዢው አንድ ናቸው፤ መቶ ዶላሯ እንደገባች ሁለቱም ይጠፋሉ። ልጁ ግን ደጋግሞ የሚለኝ «እንግሊዝኛው እኮ ጥሩ ነው» ነበር። ድሮ አጭበርባሪ በተሰባበረ ቋንቋው ይታወቅ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሁሉም ያማረ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ቋንቋ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል።

ሌሎቹም መልካቸው ይታወቃል። አንዱ «የቻይና ድርጅት በእናንተ ስም ሊያስመዘግብ ነው፣ ቅደሙ» ይላል። ሌላው የእድሳት ደረሰኝ ይመስላል፤ የመጣው ግን ስማችሁን ከማያውቀው ድርጅት ነው። ስልክ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ትንሿ ስክሪን የላኪውን ስም እንጂ አድራሻውን አታሳይም። ስሙን ተጫኑና ሙሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ሊንኩን ሳትከፍቱ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ወዴት እንደሚወስድ ይታያል። ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ መልእክቱን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፤ ጂሜይል በየትኛው ድርጅት በኩል እንደተላከና በማን እንደተፈረመ ያሳያል።

ገንዘቡና ስሙ ሲለዋወጡ

የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ ገንዘቡን በመሃል የሚይዝ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። ኤስክሮው የሚባለው ይሄ ነው። ገዢ ለመሃለኛው ይከፍላል፣ ሻጭ ስሙን ያዛውራል፣ ገዢ መረከቡን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሻጭ ገንዘቡን ያገኛል። አጭበርባሪው የሚገባው በኢሜይል ነው። «ክፍያው ገብቷል፣ ስሙን ልቀቅ» የሚል፣ አርማው ያማረ መልእክት ይልካል። መልእክቱን አትመኑ፣ ሊንኩንም አትጫኑ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ወደ አካውንታችሁ ግቡና እዚያ ካያችሁት ብቻ እመኑ። መሃለኛውንም ገዢው በላከው ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ አጣርታችሁ ምረጡ።

የማዛወሪያ ኮዱ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ክፍያው መሃለኛው እጅ መግባቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ለማንም አትላኩት። ገዢ ስትሆኑም ስሙ መቼ እንደተመዘገበ ጠይቁ። አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስም በብዛት እስከ 60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ አይሄድም፤ እዚያው መዝጋቢ ውስጥ ግን ከአካውንት ወደ አካውንት ሊተላለፍ ይችላል። በቴሌግራም የተስማማችሁትን ነገር ሁሉ ደግሞ በኢሜይል ድገሙት፤ የስሙ ፊደል፣ ዋጋው፣ የኤስክሮው ክፍያ የማን እንደሆነ። የቴሌግራም ወሬ በአንድ ንክኪ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። የተላከ ኢሜይል ግን በሁለቱም ወገን ይቀራል።

ከሸጣችሁ በኋላ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። በዚያ ስም የተሠራ ኢሜይል ከነበራችሁ፣ ስሙን ስትሸጡ ኢሜይሉም አብሮ ሄዷል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ስም የሚመጣ መልእክትን ሁሉ መቀበል ይችላል። የፌስቡካችሁ ወይም የቴሌግራም ቻናላችሁ መቀየሪያ ኮድ እዚያ የሚላክ ከሆነ አስረክባችሁታል ማለት ነው። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ያንን ኢሜይል የምትጠቀሙባቸውን አካውንቶች አንድ በአንድ ቀይሩ። ስሙን ሳታሳድሱ ስትተዉትም እንደዚሁ ነው፤ የተጣለ ስም የሚያነሳው አያጣም።

ዶሜይን የመሸጥ ሐሳብ ባይኖራችሁ እንኳ፣ ለሱቃችሁ ወይም ለማኅበራችሁ አንድ ስም ካላችሁ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እዩ። በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? ያንን ኢሜይል መክፈት የሚችለው ማን ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው? ለሦስቱም መልስ ካላችሁ ስሙ የእናንተ ነው። ከሌላችሁ ኢሜይሉን ለያዘው ሰው ዛሬውኑ ደውሉ፤ ግንኙነታችሁ ሳይበላሽ፣ እሱም ኢሜይሉን ሳይረሳው።

ቸር እንሰንብት!