ያውቁ ኖሯል? ግማሽ ሰዓት የማያስጠብቀው ኢንሱሊን

«አዲሱ ፈጣን ኢንሱሊን» እየተባለ የሚወራለት መድኃኒት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ እንዳስቆጠረ ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያው ሊስፕሮ፣ በገበያ ስሙ ሁማሎግ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አስፓርት ወይም ኖቮራፒድ በ1999 በአውሮፓ ተከተለው፤ ግሉሊሲን በ2004 መጣ። በክብረ መንግሥት፣ በሻኪሶ ወይም በነገሌ ቦረና ለሚታከም ሰው ግን አዲስ መባሉ አይገርምም። የአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ የኖሩት በሬጉላር፣ በኤንፒኤች እና ሁለቱን አንድ ላይ በያዘው ቅልቅል ነው። እናም ሐኪምዎ «ወደ ፈጣኑ እንቀይርዎ» ቢልዎት ከብልቃጡ ለውጥ የሚበልጠው የሰዓትዎ ለውጥ ነው።

ሬጉላር ኢንሱሊን ከተወጉት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚለግመው ለምን እንደሆነስ? በብልቃጡ ውስጥ የኢንሱሊን ሞለኪውሎች በዚንክ ዙሪያ ስድስት ስድስት ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ። እንደተያያዙ ወደ ደም ሥር መግባት ስለማይሆንላቸው፣ ከቆዳ ሥር ተቀምጠው እስኪለያዩ ይጠበቃሉ። ኢንሱሊን የተሠራው ከ51 አሚኖ አሲዶች ነው። የሊስፕሮ ሠሪዎች ከሁለቱ ሰንሰለቶች በአንደኛው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን 28ኛውንና 29ኛውን ቦታ አቀያየሩ፤ በቃ። በአስፓርት ደግሞ 28ኛው ብቻ በሌላ ተተካ። በዚህች ትንሽ ለውጥ መያያዛቸው ላላ፤ ከቆዳ ሥር እንደገቡም ወዲያው የሚለያዩ ሆኑ።

በሰዓት ሲቆጠር፦ ሬጉላር ሥራ የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ፈጣኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ይበረታል፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል።

ወደ ፈጣኑ የተቀየረ ሰው ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጎዳው የድሮ ልማዱ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ለዓመታት «ተወጋና ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ብላ» ሲባል የኖረ ሰው በፈጣኑም ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ፣ ምግቡ ሆድ ሳይደርስ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በእንግድነት ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ምግቡ ደርሷል» ከተባለ በኋላ እጅ መታጠቢያው እስኪመጣ፣ የቀረው ሰው እስኪገባ፣ ጸሎቱ ወይም ምርቃቱ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ደቡብ ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ፈጣኑ የሚወጋው ምግቡ ከፊትዎ ሲቀመጥ እንጂ ከማድ ቤት ሲሸት አይደለም።

አስፈላጊ ሲሆን በልቶ ወዲያው መወጋትም ይቻላል። ይበላ አይበላ የማይታወቅ ትንሽ ልጅ ላላት እናት ከዚህ የበለጠ እፎይታ ያለ አይመስለኝም፤ ልጁ ስንት ጉርሻ እንደበላ አይታ ሐኪም ባሳያት ልክ ትወጋዋለች።

ከሬጉላር ወደ ፈጣን ሲኬድ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒት በዩኒት፣ ማለትም እኩል በእኩል እንደሚጀመርስ? ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በየጊዜው የተለካውን ስኳር እያየ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የተለካው ተጽፎ ካልመጣ ግን ሐኪሙ በግምት ነው የሚሠራው፤ ደብተርና እስክሪብቶ እዚህ ላይ የመድኃኒቱ አካል ናቸው።

ፈጣኑ ብቻውን እንደማይበቃም ይወቁት። በ5 ሰዓት ውስጥ ስለሚወጣ ሌሊቱንና በምግብ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሌላ ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች ወይም ግላርጂን፣ ያስፈልጋል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው «ፈጣኑን ይዣለሁ» ብሎ ሌላውን ከተወ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ድንገተኛ ክፍል የሚገባበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ቅልቅሉን በቀን ሁለት ጊዜ ሲወጋ የነበረ ሰው ደግሞ ወደ አራት መርፌ ሊሸጋገር ነውና ሲሪንጁንም አብሮ ያስብ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤንፒኤች ነጭና ደመናማ ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከሬጉላር ይለየዋል። ግላርጂን ግን እንደ ፈጣኑ ውኃ የመሰለ ጥርት ያለ ነው። የሌሊቱን 20 ዩኒት ከፈጣኑ ብልቃጥ ቀድቶ ተወግቶ መተኛት ቀልድ አይደለም። በአንደኛው ብልቃጥ ላይ ክር ማሰር ወይም ላስቲክ መጠምጠም ምንም ወጪ የለውም። ፈጣኑን ከኤንፒኤች ጋር በአንድ ሲሪንጅ መቅዳት ይቻላል፤ መጀመሪያ ጥርት ያለው፣ ቀጥሎ ደመናማው ይቀዳና ወዲያው ይወጋል። ግላርጂን ግን ከማንም ጋር አይቀላቀልም።

ለመሆኑ ፈጣኑ ከአሮጌው ምን ያህል ይሻላል? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው አዋቂዎች የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ልኬት የወረደው በ0.15 ከመቶ ነጥብ ብቻ ነው። ተአምር የሚባል አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ምግብና መርፌን ማቀራረቡ ነው፤ አንዳንዱ ታካሚ የሌሊት ስኳር ማነስም ይቀልለታል። በእኔ ግምት ሬጉላሩን በየወሩ የሚያገኝ፣ ግማሽ ሰዓቱንም የሚያከብር ሰው በፈጣኑ የሚቀናበት ብዙ ምክንያት የለውም። እረኛው፣ ሹፌሩ፣ ምሳው አንድ ቀን በስድስት ሌላ ቀን በዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው ነጋዴ ግን የሚቀናበት ምክንያት አለው።

የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከቅርንጫፎቹ አንዱን በነገሌ ቦረና እንዳቋቋመ ያውቁ ኖሯል? ለክብረ መንግሥትና ለአካባቢው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ከመቀየርዎ በፊት ለሐኪምዎና ለፋርማሲው የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «በሚቀጥለው ወርስ ይኖራል ወይ?» የሚል ይሁን፤ ጤና መድኅኑ ይሸፍነው እንደሆነም ይጠየቅ። ዛሬ ፈጣን፣ ከርሞ ሬጉላር፣ እንደገና ፈጣን እየተባለ ሲመላለሱ በእያንዳንዱ ለውጥ ሰዓቱ አብሮ ይዞራል፤ የሚሳሳቱትም ያኔ ነው።

አሮጌው ኢንሱሊንም እርስዎ ሳይተዉት ሊተውዎት ይችላል። በ2024 በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች የድሮውን ኢንሱሊን በፔን፣ እስክሪብቶ በሚመስለው መወጊያ፣ የለመዱ ታካሚዎች፣ አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ የአቅርቦት ውሉን ባለማደሱ ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ለመመለስ ተገድደዋል።

ስለ ሙቀት እንነጋገር፤ ከክብረ መንግሥት ወይና ደጋ ወደ ነገሌ፣ ከዚያም ወደ ዶሎ ለሚወርድ ሰው ይህ ዋናው ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተ ፈጣን ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ያገለግላል ይላሉ አምራቾቹ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትስ? ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ በዳዳብ ከሚገኙት የስደተኛ ጣቢያዎች በአንዱ፣ በዳጋሃሌይ፣ የቤት ውስጥ ሙቀት ለኩ። ቀን እስከ 37 ይወጣል፣ ሌሊት ወደ 25 ይወርዳል። ይህንኑ ሙቀት በቤተ ሙከራ ደግመው ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት አቆዩበት፤ ኃይሉ በማቀዝቀዣ ከቆየው የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ውጤቱ የታተመው በ2021 ነው። የተፈተነው የድሮው ዓይነት ኢንሱሊን መሆኑን ግን አይርሱ፤ ለፈጣኑ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ይያዙ። ዳጋሃሌይ ከቦረና ቆላ የሚለየው በካርታ ላይ ባለው መስመር እንጂ በፀሐዩ አይደለም።

በዚህ ቆላ የሸክላ ዕቃ ትልቅ ባለውለታ ነው። ትንሿን ማሰሮ በትልቋ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ማርጠብ፣ ብልቃጡንም በደረቅ ፌስታል ጠቅልሎ በትንሿ ውስጥ ማኖር ነው። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ አየሩ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። በረዶ ግን ከሙቀትም የከፋ ጠላት ነው። ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም ያ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ አይወጋም። በመንገድ ላይ ደግሞ በጋቢናው መስታወት ሥር ወይም በመኪናው ጣሪያ ከተጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስቀምጡት፤ በእጅዎ ይያዙት።

የወርቅ ቆፋሪ ጭኑን ተወግቶ ወዲያው ጉድጓድ ቢገባ ኢንሱሊኑ ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ደም ይስባል፤ ሙቀትም የደም ሥር ይከፍታል። በሻኪሶና በክብረ መንግሥት ዙሪያ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣ ሰው ለቁፋሮ ቀን ሆዱ ላይ ቢወጋ ይመረጣል። መጠኑንም ስለ ሥራው ለሐኪሙ ተናግሮ ያስተካክል፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተለካ ዩኒት ለእሱ ሊበዛ ይችላል።

ወተት ስኳር እንዳለውስ? አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 12 ግራም ያህል ይይዛል፤ ወተት ዋና ቀለቡ የሆነ አርብቶ አደር ሲቆጥረው እንደ ምግብ ነው። የግመል ወተት ስኳር ያወርዳል የሚለው ወሬ መነሻ የለውም አይባልም። በህንድ ራጃስታን ትንንሽ ሙከራዎች ተደርገውበታል። ኢንሱሊን የሚያስቆም መድኃኒት ነው ብሎ ያረጋገጠ ግን የለም።

የጉጂና የቦረና ቡና ቀላ፣ በቅቤ የሚበስለው የቡና ፍሬ፣ ለፈጣኑ ኢንሱሊን ፈተና ነው ቢባል ይገርምዎት ይሆናል። ቅቤ የበዛበት ማዕድ ከሆድ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። አብሮት የተበላው ገንፎ ወይም ቂጣ ስኳሩን ዘግይቶ ይለቅቃል፤ ፈጣኑ ደግሞ ቀድሞ መጥቶ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ በበሉ በሁለተኛው ሰዓት ደህና የነበረ ልኬት በአምስተኛው ቢወጣ ብልቃጡ ተበላሸ ብለው አይፍረዱ።

ፈጣኑ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም አንድ ብልጫ አለው። ከማዕድ ጋር ብቻ ስለሚሄድ፣ ምሳ ከሌለ የምሳው መርፌ አብሮ ይቀራል፤ ቅልቅሉ ይህን ነፃነት አይሰጥም። መሠረታዊው ኢንሱሊን፣ ማለትም ኤንፒኤች ወይም ግላርጂን፣ ግን በጾምም አይቋረጥም፤ መጠኑ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ይወሰናል። በሁለቱም ሃይማኖት ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን ማስታወስ ነውር የለበትም።

በጎንደር ሐኪሞች ለዓመታት ሲያክሟቸው የኖሩት ከሲታ ገበሬዎች ለዓለም የስኳር በሽታ ክርክር ምክንያት እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታካሚዎች ብዙዎቹ ድኾችና በምግብ እጥረት ያደጉ መሆናቸውን አሳይተው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ከመዝገቡ ያወጣው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር እንደገና ይታይ አሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ የተቀበለው በባንኮክ ጉባኤው፣ በ2025 ነው። በህንድ ቬሎር የተደረገ ምርምር እንዳሳየው የእነዚህ ሰዎች ችግር ኢንሱሊን ማነሱ እንጂ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን አለመቀበሉ አይደለም። ስለዚህ ለከሲታ ሰው ብዙ ዩኒት በፈጣኑ መስጠት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየድርቁ ከብት የሚያልቅበት ቆላ ውስጥ ለሚሠራ ሐኪም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ፈጣኑን የሚቀድም ፈጣንም አለ። በ2017 የወጣው ፊያስፕ አስፓርቱ ላይ ቫይታሚን ቢ3 የተጨመረበት ነው።

የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች ባለመብትነታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር እንደነበረስ ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያው ታካሚ የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን በጥር 1922 የተወጋው የመጀመሪያ መርፌ አልሠራለትም፤ ያዳነው ከ12 ቀን በኋላ የመጣው የተጣራው ነው።

በመጨረሻ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሎ ሲያዩት ተናድደው በሰዓቱ ውስጥ ሌላ ፈጣን አይደርቡ። የመጀመሪያው ገና ሥራ ላይ ነው፤ ሁለቱ ተደራርበው ሌሊት ላይ ሊጥሉዎት ይችላሉ። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ላብ፣ መንቀጥቀጥና የረሀብ ስሜት ከመጣ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይውሰዱና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይደረግም፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጡ።