የጓሮ ጠባቂዋ ትል

ዝናብ የማይለየው የእንግሊዝ ጓሮ ሰላጣና ጎመን ለሚተክል ሰው ይመቻል፤ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ግን ከሰውም በላይ ይመቸዋል። ቀን ከድንጋይና ከጓል ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ቅጠል ሲበሳ፣ ለጋ ችግኝ ሲቆርጥ ያድራል። ጠዋት ባለጓሮው የሚያገኘው የተበሳሳ ቅጠልና በላዩ ላይ ደርቆ የሚያብለጨልጭ ልጋግ ነው።

ለዓመታት መድኃኒቱ ሜታልዴሃይድ የተባለ መርዝ ያለበትን ፍሬ መበተን ነበር። ወፎችንና የዱር አጥቢ እንስሳትን ስለሚጎዳ ግን በታላቋ ብሪታንያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ጀምሮ ከቤት ውጭ መጠቀም ተከልክሏል። ከተተኪዎቹ አንዷ እዚያው አፈር ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ኔማቶድ የተባለች ትል ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ፋዝማራብዲቲስ ሄርማፍሮዲታ ይባላል። ሳይንስ ካወቃት ከ1859 ጀምሮ ቢሆንም ለገበያ የቀረበችው በ1994 ነው።

ትሏ በእርጥብ አፈር ውስጥ እየተንቀሳቀሰች ቀንድ አውጣውን ትፈልጋለች። ስታገኘው ከራሱ ኋላ ጀርባውን በሸፈነው ወፍራም ቆዳ ሥር ባለች ቀዳዳ ትገባለች። ይዛው የገባችው ባክቴሪያ እዚያ ይራባል፤ እሷም ባክቴሪያውን እየተመገበች፣ ተባዕት ሳትሻ ትራባለች። ቆዳው ያብጣል፤ ቀንድ አውጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ መብላት ያቆምና መሬት ውስጥ ገብቶ ይሞታል። ልጆቿ ሬሳውን በልተው ሲጨርሱ ሌላ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ይበተናሉ።

ትሎቹ በሕይወት እንዳሉ በዱቄት መሰል ነገር ታሽገው ይሸጣሉ፤ እስኪፈለጉ ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሲፈለጉ በውሃ በጥብጦ፣ በማጠጫ ለአንድ ካሬ ሜትር 300,000 ያህል ማፍሰስ ነው። አፈሩ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት። ፀሐይ ስለምታደርቃቸው አመሻሹ ይመረጣል፤ ከዚያም በኋላ አፈሩ ለሁለት ሳምንት ያህል እርጥበት እንዳያጣ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለሰው፣ ለውሻና ለድመት ጉዳት የላቸውም።

ጉድለትም አላት። ሰላጣ የሚያጠፋውን ትንሹን ግራጫ ቀንድ አውጣ በቀላሉ ስትጥል፣ አድገው የገዘፉት ዝርያዎች ግን ይቋቋሟታል። እነሱን በባትሪ እያበሩ በእጅ መልቀም፣ ለጥንዚዛ መጠለያ የሚሆን የእንጨት ክምር መተው፣ ለእንቁራሪት ትንሽ ኩሬ ማበጀት ያግዛል። የአንድ ጊዜ ርጭት የሚያገለግለውም ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለጓሮ ችግኙ መሬት ከመያዙ ሳምንት ያህል አስቀድሞ ይረጫል፤ ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ለጋው ግንድ ጠንክሮ ራሱን ይችላል።